ማሽላ እያረረ ይስቃል፤ ፈንዲሻ በጉልቻ፣ በከሰልና በቡታጋዝ

ፈንዲሻ የሚለው ስም «ፈነዳ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፡፡ የእህሉን ጠባይ እንጂ የእህሉን ዘር አይናገርም፡፡ ለአዲስ አበባ ሰው ፈንዲሻ ማለት በቆሎ ነው፤ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ በልደትና በምረቃ ቀን ለእንግዳ የሚታደል፣ በሲኒማ ቤት ደጃፍ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ፡፡ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በመርሳ ዙሪያና እስከ ግራና ባለው የሀብሩ ወረዳ ቆላ ለተወለደ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አጭር አይደለም፡፡ የዚያ አገር ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ማሽላም ይፈነዳል፡፡ «ማሽላ እያረረ ይስቃል» ያለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ምጣድ ዳር ተቀምጦ በደንብ ያስተዋለ ሰው እንደነበረ ግን አያጠራጥርም፡፡

ይህ ጽሑፍ ወጥ ቤት በሌለበት ቦታ፣ ማለትም በመስክ ሥራ፣ በጉዞ፣ በድንኳን ዳር ወይም መብራት በጠፋበት ምሽት ፈንዲሻ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ነው፡፡ ጉዳዩ ለጋዜጣ አምድ ቀላል ሊመስል ይችላል፡፡ ሆኖም ትኩስ ዘይት፣ ክፍት እሳትና ተዘግቶ የሚታደርበት ድንኳን በአንድ ላይ የሚገናኙበት ሥራ ቀላል ሊባል አይገባውም፡፡ በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ቤተሰቦች የሚነገረውን ዜና ደጋግመን ሰምተናል፡፡ በመሆኑም ስለ ጣዕሙም ስለ አደጋውም በየተራ እንመለከታለን፡፡

እህሉ ለምን ይፈነዳል?

እያንዳንዱ የፈንዲሻ ፍሬ በውስጡ ጥቂት ውኃ አለው፡፡ ለመፈንዳት ምቹ የሚባለው መጠን ከፍሬው ክብደት ከ13 እስከ 14 በመቶ ያህሉ ነው፡፡ ፍሬው ሲሞቅ ውኃው ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ ጠንካራው ቅርፊት ግን መውጫ ይከለክለዋል፡፡ በውስጡ ያለው ስታርች በሙቀቱና በእንፋሎቱ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፡፡ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ የውስጡ ግፊት የአካባቢውን አየር ግፊት ዘጠኝና አሥር እጥፍ ያህላል፡፡ ይህ በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት አራት እጥፍ ገደማ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ቅርፊቱ ይቀደዳል፤ የለሰለሰው ስታርች በቅጽበት እንደ አረፋ ይነፋል፤ ወዲያውም ቀዝቅዞ ይደርቃል፡፡ የምንበላው ነጭ ነገር ይኸው የደረቀ አረፋ ነው፡፡

ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ኢማኑኤል ቪሮና አሌክሳንደር ፖኖማሬንኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ የ180 ዲግሪ ወሰን በምድጃና በፈጣን ካሜራ አረጋግጠዋል፡፡ «ጷ» የሚለው ድምፅም የቅርፊቱ መቀደድ ሳይሆን የታፈነው እንፋሎት በድንገት ሲለቀቅ የሚያሰማው መሆኑን አሳይተዋል፡፡

ተራው በቆሎ ለምን እንዲህ አይፈነዳም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይገኛል፡፡ የእሸትና የዱቄት በቆሎ ቅርፊቱ ግፊቱን የሚችል አይደለም፤ ውስጡም ለስላሳና ዱቄታም ነው፡፡ እንፋሎቱ ቀስ እያለ ሾልኮ ስለሚወጣ እህሉ ቆሎ ይሆናል እንጂ አያብብም፡፡ የፈንዲሻ በቆሎ ፍሬው ትንሽ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡም እንደ መስተዋት የጠጠረ ነው፡፡ ስለዚህ ለጉዞ የሚይዙት እህል ከገበያ በፈንዲሻነቱ የተገዛ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፡፡

አንድ ሌላ ነጥብም አለ፡፡ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፡፡ በዚህ ምክንያት በደጋ ሽምብራና ባቄላ ቀቅሎ ለማብሰል ጊዜና ማገዶ ይፈጃል፡፡ ፈንዲሻ ግን ይህ ችግር የለበትም፡፡ እያንዳንዱ ፍሬ የየራሱ ክዳን ያለው ትንሽ ድስት ስለሆነ በግራና ቆላም ሆነ በላስታ ደጋ ይፈነዳል፡፡ ለተጓዥ ምቹ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውኃ አይፈልግም፣ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል፡፡

በቆሎ ከመምጣቱ በፊት

በቆሎ የአሜሪካ አህጉር እህል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በሰሜን ፔሩ የባሕር ዳርቻ፣ ፓሬዶኔስና ሁዋካ ፕሪዬታ በተባሉ ቦታዎች እስከ 6,700 ዓመት ዕድሜ ያለው የበቆሎ ቅሪት መገኘቱንና ሰዎቹ በቆሎን በፈንዲሻ መልክም ይበሉ እንደነበር አመልክቷል፡፡ ወደ እኛ አገር የገባው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታመናል፡፡ በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ አገሬው አዲሱን እህል የሰየመው ከሚያውቀው እህል ተነስቶ፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ጨምሮ ነው፡፡

ማሽላ ግን የቤት ልጅ ነው፡፡ ኢትዮጵያ ከማሽላ መገኛና የዝርያው ብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት፡፡ በሰሜን ሸዋና በወሎ ገበሬው ለየዝርያው ያወጣው ስም ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ «ወተት በጉንጬ» አለ፣ «ስንዴ ለምኔ» አለ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ «ጥንቅሽ» አለ፡፡ ከነዚህ መካከል «ፈንዲሻ» የሚባል ማሽላም አለ፡፡ ይህ ለእንጀራ ወይም ለጠላ ተብሎ የተመረጠ ሳይሆን ምጣድ ላይ እንዲያብብ ተብሎ ዘሩ የተጠበቀ ማሽላ ነው፡፡ ከወልድያ መርሳ መንገድ ላይ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ተብሎ መሰየሙም አካባቢው ከዚህ እህል ጋር ያለውን ዝምድና ያመለክታል፡፡

የሚያዝ ዕቃ

ዕቃው ጥቂት ነው፡፡ ወፍራም ታች ያለው፣ ሦስት ሊትር የሚይዝ ድስት ከነክዳኑ፤ እጀታው ረጅም ቢሆን ይመረጣል፡፡ ሁለት ወፍራም የድስት መያዣ ጨርቅ፣ ዘይት፣ የተፈጨ ጨው፣ ሰፌድ ወይም ትልቅ ሳህን፡፡ ፍሬው በሚገጥም ክዳን በታሸገ ዕቃ ቢያዝ እርጥበቱን ይጠብቃል፡፡ በጨርቅ ከረጢት ወይም በተቀደደ ፌስታል ለወራት የቆየ ፈንዲሻ፣ በተለይ በቆላ ሙቀት፣ ይደርቅና እምቢ ይላል፡፡

መጠኑን በየቤቱ በሚገኝ መለኪያ እንናገር፡፡ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ፍሬና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከሁለት ሊትር ያላነሰ ፈንዲሻ ይሰጣል፡፡ ይህም ለሦስት ሰው የቡና ቁርስ ይበቃል፡፡ ከዚህ በላይ ፍሬ በአንድ ጊዜ መጨመር ክዳኑን ያስነሳል፤ ታችኛው ሲያርር ላይኛው ጥሬ ይቀራል፡፡

ያገለገለ የቀለም ጣሳ ወይም ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አይሁን፡፡ የቀለሙ ቅሪትም፣ ዚንኩ በኃይለኛ እሳት ላይ የሚያወጣው ጢስም ለጤና ጎጂ ነው፡፡

በጉልቻ ላይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነበልባል ላይ ድስት መጣዱ ላይ ነው፡፡ ነበልባል ይወጣል ይወርዳል፤ የድስቱን አንድ ጎን ያከስላል፣ ሌላውን አያሞቅም፤ ክዳን ሲነሳም ወደ ዘይቱ ሊደርስ ይችላል፡፡ የሚፈለገው ፍም ነው፡፡ እሳቱን ከግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ያንድዱ፤ ፍልጡ ሲከስምና ፍሙ ላዩ አመድ ሲለብስ ደርሷል ማለት ነው፡፡ ሙቀቱን ለመለካት መዳፍዎን ድስቱ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ይዘርጉት፡፡ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ታግሰው እጅዎን ለመሰብሰብ ከተገደዱ ልኩ ነው፡፡ አንድ ሰከንድ ካልታገሱ በዝቷል፤ አሥር ከቆጠሩ አንሷል፡፡

የሚነደው እንጨት ደረቅ ይሁን፡፡ በቆላው አጥር የሚሆኑት ቅንጭብና ቁልቋል ግን ደርቀውም ቢሆን ለማገዶ አይመረጡም፤ ወተታቸው ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ሲሆን ጢሳቸውም ዓይን ይጎዳል፡፡ እሳት ለማያያዝ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ የማቀጣጠል ልማድም ሊቀር ይገባዋል፡፡ ጭራሮና ደረቅ ሣር ይበቃል፡፡

ሦስቱ ጉልቻ እኩል መቀመጣቸውን ድስቱን ባዶውን አስቀምጠው ይሞክሩ፡፡ ከዚያ በኋላ፡-

አንደኛ፣ ዘይቱንና ሦስት ፍሬ ብቻ ይጨምሩና ይክደኑ፡፡ ሦስቱም ሲፈነዱ ዘይቱ ደረሰ ማለት ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ድስቱን ከእሳት ያውርዱ፤ የቀረውን ፍሬ ይጨምሩ፤ ይክደኑና ሠላሳ ይቁጠሩ፡፡ ይህች ግማሽ ደቂቃ ፍሬው ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዲቃረብ ታደርጋለች፤ በኋላም በአንድነት ይፈነዳል፡፡

ሦስተኛ፣ ወደ ፍሙ ይመልሱት፡፡ መፈንዳት ሲጀምር ድስቱን በየጥቂት ሰከንዱ ይወዝውዙት፤ ክዳኑን ከእርስዎ ፊት በተቃራኒ በኩል በጣም ጥቂት ገርበብ ያድርጉ፡፡ እንፋሎቱ ካልወጣ ፈንዲሻው ይረጥብና እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፡፡

አራተኛ፣ በሁለት ፍንዳታ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሲደርስ ያውርዱ፡፡ «ጥቂት ቀርቶታል» እያሉ መጠበቅ ያለቀውን ማሳረር ነው፡፡ ወዲያው ወደ ሰፌዱ ይገልብጡት፤ የጋለ ድስት ከወረደም በኋላ ማሳረሩን አያቆምም፡፡

ጨው የሚጨመረው ከፈነዳ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ ነው፡፡ የተፈጨ ጨው ይይዛል፤ ሻካራው ግን ወደ ታች ይወርዳል፡፡ ቅቤ የሚወድ ሰው ንጥር ቅቤን አቅልጦ በመጨረሻ ያፍስስበት፡፡ ያልተነጠረ ቅቤ ገና ፍሬው ሳይፈነዳ ስለሚያር ለመቁላት አይሆንም፡፡ ስኳርም ቶሎ ስለሚያር በፍም ላይ ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም፡፡ ሚጥሚጣ ደግሞ በጣት ቆንጥሮ ጣል ማድረግ ነው፤ ትኩስ ድስት ውስጥ የገባ ሚጥሚጣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያስላል፡፡

በከሰልና በቡታጋዝ

የከሰል ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ለፈንዲሻ የተመቸ ነው፤ ሙቀቱ ወጥ ነው፣ ነበልባል የለውም፡፡ «ላቀች» የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ከሰልም ይቆጥባል፡፡ ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ከተያያዘ በኋላ ድስቱን ይጣዱ፤ ማርገብገቢያውን በእጅ ይዞ መቀመጥ እሳቱን እንደ ምድጃ ቁልፍ ለመቆጣጠር ያስችላል፡፡ የከሰሉ ጉዳት ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን፡፡

ትንሿ የካምፕ ቡታጋዝ ደግሞ እሳቷ ጠባብና ኃይለኛ ነው፡፡ ስስ የአሉሚኒየም ድስት መካከሉ ያርራል፣ ዳሩ ይበርዳል፡፡ መፍትሔው ነበልባሉን ዝቅ አድርጎ ድስቱን ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ፣ ወይም ከድስቱ ሥር ትንሽ የብረት ምጣድ ማስገባት ነው፡፡ ምድጃዋ በጋዙ ጣሳ አናት ላይ የምትገጠም ከሆነች በጣም ሰፊ ድስት አይጣድባት፤ የሚመለሰው ሙቀት ጣሳውን ያግለዋል፡፡ በዚሁ ምክንያት ነፋስ ለመከላከል ተብሎ ምድጃዋንና ጣሳውን አንድ ላይ በቆርቆሮ መክበብ ፍንዳታ መጋበዝ ነው፡፡ ነፋሱን በድንጋይ ወይም በሻንጣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ራቅ አድርጎ መከለል ይበቃል፡፡

ዘይቱ በእሳት ከተያያዘ ውኃ አይድፉበት፡፡ ውኃው በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ዘይት ይረጨዋል፡፡ ክዳኑን ከጎን አንሸራተው ይክደኑ፣ ከቻሉ ጋዙን ይዝጉ፣ እስኪቀዘቅዝም አይክፈቱት፡፡

የማሽላ ፈንዲሻ

ማሽላ ዘይት አይፈልግም፡፡ የብረት ምጣድ ወይም ወፍራም ድስት በደንብ ይጋል፤ አንድ እፍኝ ማሽላ ብቻ ይጨመር፤ ይከደን፤ ያለማቋረጥ ይወዝወዝ፡፡ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎም ያርራል፡፡ ከበቆሎው ያነሰና ደቀቅ ያለ፣ ግን የለውዝ ሽታ የሚመስል ጣዕም ያለው ነጭ ፈንዲሻ ይሰጣል፡፡ ያልፈነዳው ብዙ ነው፤ በወንፊት መለየት ያስፈልጋል፡፡ የተለየውም አይጣልም፤ ቆሎ ሆኗልና ጥርስ ላለው ሰው ይሆናል፡፡

ያልፈነዳ ሲበዛ

ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፡፡ ወይ ፍሬው ደርቋል፣ ወይ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ ወይ እሳቱ ደካማ ነው፡፡ ለደረቀ ፍሬ መድኃኒት አለው፡፡ አንድ ሊትር ፍሬ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ መጨመር፣ በየጊዜው ማንቀሳቀስና ከሁለት እስከ አራት ቀን ማቆየት፡፡ ለተሰነጠቀ ግን መፍትሔ የለውም፡፡ የሻገተ ፍሬ ካገኙ አጥቦና ቆልቶ መብላት ይቅር፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በምድጃ ሙቀት አይጠፋም፡፡

ሽታ የሌለው ገዳይ

ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፡፡ «በደንብ ከቀላ አይጎዳም» የሚለው እምነትም ሰፊ ነው፡፡ ይህ እምነት ሰው ገድሏል፡፡ የሚነድ ከሰል፣ ቀላም አልቀላም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፡፡ ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም፡፡ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፡፡ ሰውየው አየር እየሳበ በኦክስጅን እጥረት ይሞታል፡፡

የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው፡፡ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ቡናው ተጠጥቶ፣ ፈንዲሻው ተበልቶ፣ ከዚያም «ቅዝቃዜውን ይከላከልልን» ተብሎ ፍሙ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል ሲገባ አደጋው ይጀምራል፡፡ ስለዚህ የከሰል ምድጃ፣ የእንጨት ፍምም ሆነ የካምፕ ቡታጋዝ በድንኳን ውስጥ በምንም ምክንያት አይነድም፡፡ በሩን ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም፡፡ ዝናብ ከመጣ ፈንዲሻው ይቅር፡፡

የተመረዘ ሰው ቢያጋጥም ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው፡፡ ወተት የማጠጣት ልማድ አለ፡፡ ነገር ግን መርዙ ያለው በሆድ ሳይሆን በደም ውስጥ ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወተቱ ራሱ ሊያንቀው ይችላል፡፡

ማነቅ ካነሳን ሕፃናትን እናስብ፡፡ የሕፃናት ሐኪሞች ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈንዲሻ እንዳይሰጥ ይመክራሉ፡፡ ቀላሉ ቁራጭም፣ በውስጡ የተደበቀው ያልፈነዳ ፍሬም በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፡፡ በልደት በዓል ላይ ፈንዲሻ ለሁለት ዓመት ሕፃን በእፍኝ ማስጨበጥ የተለመደ ነው፤ ሊለመድ ግን አይገባውም ነበር፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

እሳት ማንደድ በራሱ ወንጀል አይደለም፡፡ እሳቱ ከጉልቻው ሲያልፍ ግን ሕጉ ይመጣል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ የጎረቤት አዝመራ ወይም የማኅበር ደን ሲቃጠል «ፈንዲሻ ልቆላ ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም፡፡

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ቸልተኝነት ምን እንደሆነ በአንቀጽ 59 ተተርጉሟል፡፡ በአጭሩ፣ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የተዳፈረ፣ ወይም ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላሰበ ሰው ቸልተኛ ነው፡፡ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስቀጣል፡፡ ሌሎች በተኙበት ድንኳን ውስጥ ፍም ያስገባ ሰው ይህን አንቀጽ ቢያነብ ይጠቅመዋል፡፡ ደንን በተመለከተም የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010፣ የዱር እንስሳትንና ፓርኮችን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አሉ፡፡ በፓርክ ክልል እሳት የሚነደው አስተዳደሩ በፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው፡፡

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም፡፡ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው እሳት በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ሣርና ጓሣ አቃጥሏል፤ ለማጥፋትም ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከመምጣት ደርሷል፡፡ ለመንገደኛ የሚበቃው ደንብ አጭር ነው፡፡ እሳቱን ከሣርና ከድንኳን ራቅ አድርገው ባዶ አፈር ላይ ያንድዱ፤ ውኃ ወይም አፈር አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ሲጨርሱ ውኃ አፍስሰው ያማስሉት፤ መዳፍዎን አስጠግተው ሙቀት ከተሰማዎት ገና አልጠፋም፡፡ በአመድ የተዳፈነ ረመጥ እስከ ንጋት እንደሚቆይ እናቶቻችን ያውቁታል፤ እሳት ያሳድሩ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፡፡

ካምፕ ሲባል

ለአዲስ አበባ አንባቢ «ካምፕ» የሚለው ቃል የዕረፍት ቀንና የጉዞ ማኅበር ያስታውሰው ይሆናል፡፡ በሰሜን ወሎ ግን ቃሉ ሌላ ትዝታ አለው፡፡ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ዓለም ያወቃት ቆረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ካምፕ ማለትም የእህል ዕርዳታ ሰልፍ ነበር፡፡ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበረችበት ጊዜ ከተማው ያለ መብራት ከርሟል፤ የከተማ ሰው ሁሉ ወደ ጉልቻና ወደ ከሰል ተመልሷል፡፡ በዚያው በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ደግሞ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በድንኳን ኖረዋል፡፡ እሳትን በድንኳን አጠገብ እንዴት መያዝ እንደሚገባ ማወቅ ለእነዚህ ሰዎች የሽርሽር ጉዳይ አልነበረም፡፡

ረሀብና ስደት ሌላም ነገር ይወስዳሉ፤ ዘር፡፡ የተራበ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፣ ተገዶ ነውና ማንም አይወቅሰውም፡፡ በኋላ ዕርዳታ ሲመጣ የሚሰጠው ብዙ ምርት የሚሰጥ ዘር ነው፤ ለጥንቅሽና ለፈንዲሻ የሚጨነቅ የለም፡፡ ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ሲመሩ የተከራከሩት የገበሬው ዘር በማከማቻ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም ይጠበቅ ብለው ነበር፡፡ ለዚህ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፡፡ የክርክሩን ቁም ነገር ለመረዳት ብዙ ሳይንስ አያስፈልግም፡፡ በቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም መመረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከማሳው ዳር አንድ ሁለት መደብ የፈንዲሻ ማሽላ የሚዘራ ሰው ከጠፋ፣ ዘሩም ስሙም አብሮ ይጠፋል፡፡ ዘርን በሕይወት የሚያቆየው የሚበላው ሰው መኖሩ ነው፡፡

በመሆኑም አንባቢ ወደ ወልድያ ወይም ወደ መርሳ የመሄድ ዕድል ሲያገኝ፣ ከገበያው በፈንዲሻነቱ የሚሸጥ ማሽላ ካለ ጠይቆ አንድ ጣሳ ይግዛ፡፡ ዋጋው ብዙ አይሆንም፡፡ ቡናው ሲፈላ ደጅ ላይ፣ ክፍት አየር ውስጥ፣ በደረሰ ፍም ላይ እፍኝ አድርጎ ይቁላው፡፡ «ማሽላ እያረረ ይስቃል» የሚባለው ጭንቀቱን ውጦ ፈገግ ለሚል ሰው ነው፤ ምጣዱ ላይ ሲታይ ደግሞ ምሳሌው ቃል በቃል እውነት መሆኑ ይገለጣል፡፡